የእትዬ ጥሩ ዳማ ፈረስ

ይህ የሆነው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ እዚሁ ቆሰበር ነው። ሰው እህቴን ሲያነሣ ያለቅሳል። እኔ ግን በመጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቄ ነው። አስቀያሚ እንዳይመስላችሁ ምክንያቱን ልጻፈው። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ እንደመጣልኝ ነው።

እህቴ ይታይሽ ትንሽ መድኃኒት ቤት ነበራት። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። ያን ቀን ጠዋት ስብሰባ ተጠርታ ስትሄድ ቤቱን ለእኔ ተወችልኝ።

“ክኒን እንዳትነካ። ሳሙና፣ ጥጥ፣ ሞዴስና የቁስል ማጠቢያ ብቻ ሽጥ” አለችኝ።

ረፋድ ላይ እትዬ ጥሩ መጡ። ከእኛ ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ኮስታራ ሴት ናቸው። እኔን ሲያዩ ሊመለሱ ቃጣቸው።

“ይታይሽ የለችም?”

“የለችም። ምን ልስጥዎት?”

መደርደሪያውን አዩ፤ በሩን አዩ። ከዚያ ቡናማውን ጠርሙስ በጣታቸው አሳዩኝ። ጀርም የሚገድል የቁስል ማጠቢያ ነው።

“ለምን ፈልገውት ነው?”

“ለ... ለፈረስ።”

በእኛ አገር ፈረስ ከተነሣ ወንድ ልጅ ዝም አይልም። “ምን ዓይነት ፈረስ?” አልሁ።

“ዳማ።”

“የቱ ጋ ነው የቆሰለው?”

እትዬ ጥሩ ጣሪያውን አዩ። “ከኮርቻው ዝቅ ብሎ” አሉ።

እኔም እንደ ሐኪም ድምፄን አጎርንኜ፣ “ለፈረስማ ውሃ አይጨምሩበት። እንዳለ ያፍስሱበት፤ ቆዳው ወፍራም ነው” አልኋቸው። ጠርሙሱን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

እታለም ስትመለስ ደረቴን ነፍቼ ነገርኋት። ሳቀች። ወንበር ተደግፋ ሳቀች።

“አንተ ጉደኛ! እትዬ ጥሩ ፈረስ የላቸውም እኮ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ነው የሸጡት። እዚህ ቤት ወንድ ሲሸጥ ያየች ሴት ሁሉ ድንገት ፈረስ ይኖራታል።”

ከዚያ ሳቋን አቆመች። “ለራሳቸው ነው ጌትዬ። ብልታቸውን ሊታጠቡበት ነው። እንዳለ ካፈሰሱት ያቃጥላቸዋል።”

ፊቴ ጋለ። እሷ ግን እንደ ተማሪ አስቀምጣ ታስጠናኝ ጀመር። “ብልት ውስጥ ምንም አይገባም፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ውጩን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። የሚያሳክክ፣ የሚሸት ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ካላዘዙላቸውና እንዴት እንደሚበረዝ ካልነገሯቸው ይህ ጠርሙስ ለዚያ አይሆንም። በል ድገመው።”

“ብ...” ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ሳልሁ።

“አንቺ ንገሪያቸው፤ ሴት ነሽ” አልኋት።

“እኔ ዕቃ ላመጣ ዳንግላ መሄዴ ነው። የሸጥኸው አንተ፣ የምትናገረው አንተ። ማታ ሳይታጠቡበት ድረስላቸው!” ብላ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች።

ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ሴቶች ጌሾ እየለቀሙ ይጫወቱ ነበር። አንዷ “ምን ፈልገህ ነው?” አለችኝ። “ምንም፣ መንገዴ ነው” አልሁ። መንገዱ እዚያው ነው የሚያበቃው። ሳቁብኝ፤ ተመለስሁ።

ወደ ማታ እታለም ከዳንግላ ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

“ነገርኻቸው?”

“አዎ።”

“ብልት ብለህ?”

“ብልት ብዬ።”

ሳቀች። “ጎበዝ! መጣሁ” አለች።

አልመጣችም። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ስለዚያ ምሽት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን በለቀስተኛ ተሞላ። እኔ እንባ እንቢ አለኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታጥበውበት ይሆን? እትዬ ጥሩን ከሴቶቹ መካከል አገኘኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኋቸው። ሐዘኑ አሳበደው ያሉ ነበሩ።

“እትዬ ጥሩ፣ ያን ነገር ተጠቀሙበት?”

“በዚህ ቀን ስለ ፈረስ ትጠይቀኛለህ ልጄ?”

“ፈረስ የለዎትም።”

እኔ ቀጠልሁ። ውስጡን፣ ውጩን፣ ንጹሕ ውሃውን፣ ጤና ጣቢያውን፣ እንዳስጠናችኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁ። ብልት ስልም አልሳልሁም። የሸጥሁላቸው ጊዜ እንደተሳሳትሁም ነገርኋቸው።

እትዬ ጥሩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ውሃ አሙቄ ልታጠብ ስል የእናትህን ጩኸት ሰማሁ። ጥዬው ሮጥሁ። ጠርሙሱን አልከፈትሁትም” አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ “ይታይሽ ናት የላከችህ?”

“አዎ። ትናንት።”

“ያች ልጅ!” አሉና ሳቃቸው ከለቅሷቸው ጋር ተደባልቆ አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሐል እንባዬ መጣ። “ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ስለ እሷ ስል እሄዳለሁ” አሉኝ፣ ጉንጬን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ወደ ቤት ገባሁ። አስከሬኗ አጠገብ ቁጭ ብዬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልሁ።

“ነገርኋቸው” አልኋት። “ብልት ብዬ።”