የአሜሪካ ሙግት በእኔ ቤት

ልጄ፣ ቀስ ብዬ ልንገርሽ፣ አንቺም ቀስ ብለሽ ጻፊው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ያልሁትን እንዳልሁት አስቀምጪው እንጂ አታሳምሪው።

አያትሽ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ሰው ሲገባ የነበረው በአሜሪካ ምክንያት ነው። ሳቂ፣ ግን እውነቴን ነው። ልጆቼ ሁሉ ከተማ ገብተዋል፣ አንዳንዱ ማርቆስ፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ። መንገዱም እንደምታውቂው ነው፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ነገ ይዘጋል። ጠያቂ የለኝም አልልም፣ ይደውላሉ። ስልክ ግን ቁጭ አይልም። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ይሄዳል።

አያትሽ የተወው ሬዲዮ ነበረ። ሲመሽ ካሜሪካ በአማርኛ የሚያወራ አለ፣ እሱን ሊሰሙ ሁለት ሽማግሎች ይመጡ ነበር። አንዱ የኛ ደብር መሪጌታ ናቸው። ሌላው ከወንዙ ማዶ ያሉት አስር አለቃ ናቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር የነበሩት። ወሬው ሲያልቅ ሙግቱ ይጀመራል። መሪጌታው አሜሪካ አበቃላት ባይ፣ አስር አለቃው የለም ገና ናት ባይ።

መቼም እኛ አገር ሙግት እንዲሁ አይወራም፣ ሥርዓት አለው። ዱሮ ዛፍ ሥር ችሎት እንደሚቆመው ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ይነሱና በላ ልበልሃ ይባባላሉ። ሙግት ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል። እኔን መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። በዕድሜዬ ቀበሌ ሄጄ አቤት ብዬ የማላውቅ ሰው አሜሪካን ልዳኝ ተቀመጥሁ።

መሪጌታው ከመጽሐፍ ነው የሚነሱ። ባቢሎን አለፈች፣ ፋርስ አለፈ፣ ግሪክ አለፈ፣ ሮምም አለፈች ይላሉ። ከዚያ ዘንጋቸውን ወደ ሬዲዮው ይቀስሩና፣ ዱሮ እሷ ስትቆጣ አገር ሁሉ ይደነግጥ ነበር፣ ዛሬ ስትቆጣ መልስ ይሰጧታል፣ ርዳታዋንም እየሰበሰበች ነው፣ ቻይና መንገድ ሲሠራ እሷ መግለጫ ታወጣለች ይላሉ።

አስር አለቃው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ።

«መሪጌታ ለሞቱት መንግሥታት ሁሉ ፍታት ሲያደርሱ ኖሩ» ይላሉ። «ለዚችኛዋ ግን ነፍሷ ሳትወጣ ጀመሩላት።»

እሳቸው ወጣት ሳሉ አሜሪካኖች ሲያሠለጥኗቸው አይተዋል። የሰጧቸው ጫማ ከወታደርነት ወጥተው እርሻ ሲያርሱበት እንኳ አልቀደድ አለ ይላሉ። ደግሞም፣ ስለ ወደቀ ሰው ማን ያወራል? እኛ እንኳ እዚህ ጥግ ቁጭ ብለን የምንሟገተው ስለማን ነው? ይላሉ። ይኸ ነገራቸው ጠንካራ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይፈረድልኝ ይላሉ። እኔ ምስክሩ አልተሟላም እልና እቀጥራቸዋለሁ። በሌላው ቀንም ነገሩ ገና አልተጣራም እላለሁ። አየሽ፣ ከፈረድሁ ነገሩ አለቀ። ነገሩ ካለቀ ደግሞ ማን ይመጣል?

አንድ ምሽት ሬዲዮው ዝም አለ። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነው ብለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ምንም የለም። በገበያ ቀን ከአምበር አዲስ ድንጋይ አስገዛሁ፤ ሽ... ይላል እንጂ ሰው አይናገርበትም። መሪጌታው ገበያ ላይ ካንድ አስተማሪ ሰምተው መጡ። ለካ ጣቢያውን የዘጋችው ራሷ አሜሪካ ናት።

ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። «አሜሪካ አፏን በገዛ እጇ ዘጋች። ዳኛዋ ይፍረዱልኝ።»

አስር አለቃውን አየኋቸው። አልተነሱም። እንደ ልማዴ ቀጠርሁ፤ እሳቸው ያቀረብሁትን ሳይቀምሱ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ቀሩ። መሪጌታው አንድ ሁለቴ ብቻቸውን መጥተው ነበር፣ ግን ባላጋራ የሌለው ሰው ምን ይሟገታል? ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ተነሱ። እሳቸውም ቀሩ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሰፋብኝ። ሲመሽ ሬዲዮውን እከፍትና ሽ... ሲል እሰማለሁ። እሱም ድምፅ ነው።

ሲከፋኝ ወንዙን ተሻግሬ አስር አለቃው ዘንድ ሄድሁ። ጉልበታቸው አብጦ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀጠሮ አክብሩ እንጂ፣ ገና እኮ አልፈረድሁም አልኋቸው።

«እሜቴ፣ እርስዎ እንደማይፈርዱ መች አጣሁት» አሉኝ።

ከጎናቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

«እኔስ መሪጌታ ያሉት ሳይገባኝ ቀርቶ ነው? ሁለታችንም አበቃላት ካልን ወሬው ያልቃል። አንድ ሰው ማዶ መቆም ነበረበት። ሬዲዮው ሲዘጋ ግን የምለው አጣሁ። ጉልበቴም እምቢ አለኝ።»

ለካ እሳቸውም የሚመጡት እኔ በምቀጥርበት ምክንያት ኖሯል።  እንዲህ አልኋቸው፦ «እንግዲያ ዳኝነቱን እርስዎ ይያዙ። የአሜሪካን ነገር እኔ እቆምላታለሁ።»

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታውን ይዤ ተሻገርሁ። መንገዱን ሙሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ በየት አውቀዋት ነው የሚቆሙላት ይሉኛል። አስር አለቃው ደጃፋቸው ላይ ተሰየሙ። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ቆምሁ። 

አሜሪካን አላውቃትም፣ የማውቀውን ልናገር ብዬ ጀመርሁ። «ባለቤቴ በነበረ ጊዜ ጠላ ጠምቄ ዝክር ሳወጣ ግቢዬ ሰዉን አይችለውም ነበር። የማላውቀው መንገደኛ ሁሉ ስሜን ያውቃል። አቅም ሲያንሰኝ ጠላውን ተውሁ። ማንም አልተጣላኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። በደጄ ያልፋሉ፣ ግን አይገቡም። ታዲያ ቤቴ ፈርሷል? ምሰሶው እዚያው ነው፣ እኔም እዚያው ነኝ። እሷም መጥመቁን ተወች እንጂ አልወደቀችም።»

 መሪጌታው ሲመልሱ እንደ ዱሮው አልጮኹም።

«ዳኛ ይስማልኝ። ጠበቃዋ ራሳቸው መሰከሩልኝ። ደጄን የሚረግጥ የለም ነው ያሉት። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን አልሁ?»

በገዛ አፌ ገባሁ። ስለሷ ብዬ ጀምሬ ስለራሴ ጨረስሁት።  አስር አለቃው የሚቀጥሩ መስሎኝ ነበር።

«ተረትተዋል፣ እሜቴ» አሉ።

«ይግባኝ» አልሁ።

መሪጌታው ሳቁ። አስር አለቃው ግን አልሳቁም፤ ለማን? አሉኝ። ዱሮ ይግባኝ ከጭቃ ሹም ወደ አውራጃ ይወጣል፣ ካውራጃ ጃንሆይ ድረስ ይወጣል። ከትልቁም በላይ ትልቅ አለ ይባል ነበር። ትልቋ ራሷ ስትረታ ወዴት እንደሚጮኽ አላወቅሁም። መሪጌታውም፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያውቃሉ፣ አልነገሩኝም።

ስንመለስ ደመናው ከብዶ ነበር። መሪጌታው ከወንዙ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ፣ እኔ ወደዚህ። ክረምቱ ከዚያ ሳምንት ገባ። ይኸው አንቺ ስትመጪ ወንዙ ሞልቷል፣ ማዶና ማዶ ቀርተናል። የአስር አለቃው ቤት ጭስ ጠዋት ጠዋት ይታየኛል።

ይግባኙን ግን አልተውሁትም። ለማን እንደምለው አሁንም አስባለሁ።