ሳሪስ ውሃ አይጠፋም

አሸብር ውሃ ይለካል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። በሳምንት ሁለት ቀን በቢሮው መኪና ወደ አቦቦ ይሄድና አልዌሮ ግድብ ዳር ከተተከለው ባለ ቁጥር ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ አንብቦ ይመለሳል። በሩዝ እርሻው በኩል ቦዩ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሰሌዳውን አይቶ ብቻ ያውቃል። ውሃው ከጠበቀው በላይ ሁለት ሴንቲሜትር ከወረደ ቀኑን ሙሉ ያሳስበዋል።

እኔና እሱ አጥር እንጋራለን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው እሱ ይተኛል፤ በሁለተኛው ማንም የማይተኛባቸው ሁለት የልጆች አልጋዎች አሉ። አጎበሮቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ያወርዳቸውና አጥቦ፣ ማንጎው ጥላ ሥር አስጥቶ፣ መልሶ ይሰቅላቸዋል። አንድ ቀን ለምን እንደማያነሳቸው ብጠይቀው፣ ሚስማሩ ከተነቀለ ግድግዳው ይፈርሳል አለኝ። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ልጆቹ ከዚህ ቤት ከወጡ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ትልቋ አቢጋኤል ሰባት ዓመቷ ሳለ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወባ ያዛት። በሦስተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ስታ ቆየች። ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ እናቷ ናዝሬት እሷንና የአራት ዓመቱን አብኔርን ይዛ አዲስ አበባ ገባች። ከአሸብር ጋር የተነጋገሩት ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ልጅቷ እስክትጠነክር። ናዝሬት ሳሪስ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየች፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመረች፤ ልጆቹም ተመዘገቡ። አንዱ ዓመት አሥራ አምስት ሆነ። ከደጋ መጥተን ጋምቤላ የምንሠራ ሰዎች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ቤተሰብ ወዲያ፣ ሥራ ወዲህ፣ በመካከል የዓመት ፈቃድ።

የአሸብር ፈቃድ ሁልጊዜ ገና ላይ ነበር። ክረምት ላይ፣ ውሃው በሚሞላበት ጊዜ፣ ከግድቡ የሚለቀው የለም። ታኅሣሥ ሲጋመስ የባሮን ዓሣ በበረዶ አሽጎ፣ ካርቶኑን ታቅፎ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። ሻንጣ የሚመዝነው ጋትዌች ከሩቅ ሲያየው፣ ዘንድሮም ዓሣው ካንተ ይከብዳል እያለ ይቀልድበት ነበር። ሳሪስ ሲደርስ ልጆቹ ደረጃውን በሩጫ ወርደው ካርቶኑን ይቀበሉታል። ናዝሬት ውሃ አሙቃ ትጠብቀዋለች። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች እስከ አፋቸው ሞልተው ይቆሙ ነበር። እሱም እንደ ጋምቤላ ሰው ጠዋት ይታጠባል፣ ማታ ይታጠባል። እዚህ በቀን ሁለቴ ገላውን ውሃ ያላስነካ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ልማዱ ደግሞ ብርድ አገርም ድረስ ይከተላል። ታጥቦ ሲወጣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከታች የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፤ ከውስጥ የናዝሬት ድስት ይሸታል። ሳሪስን የሚያውቀው እንዲህ ነው። አሥራ አምስት ገና፣ ሁሉም ፀሐይ የወጣበት።

ናዝሬት ከሁለት ዓመት በፊት በኩላሊት ሕመም አረፈች። ቤቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። አቢጋኤል አሁን ሐዋሳ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ አብኔር ድሬዳዋ ይማራል። ሁለቱን ገና ሦስቱም በየፊናቸው አሳለፉ። አምና አሸብር የበዓሉን ምሳ እኔ ቤት በላ። ከበላ በኋላ ሳህኑን ይዞ ለማጠብ ተነሳ፤ ተው ብንለው አልሰማንም። ሰው ቤት እንግዳ የሆነ ሰው እጁን የሚያስገባበት ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አቢጋኤል ደወለች። ገናን አብረን እናሳልፍ፣ አዲስ አበባ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ ለአንድ ሳምንት እንከራይ፣ ሰፈሩን አንተ ምረጥ አለችው። ስልኩን እንደዘጋ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ጡረታው ሁለት ዓመት ብቻ እንደቀረው፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ እንዳላወቀ፣ ልጆቹ ከእሱ ጋር መኖር ይችሉ እንደሆነ ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገረኝ። ሊጠይቃቸውም አይደፍርም።

«ሰባት ቀን አንድ ጣሪያ ሥር ውለን ካደርን» አለኝ፣ «ሌላው ይለመዳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር መምረጥ ዋና ሥራው ሆነ። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ቢሮ ውስጥ አጠገቡ የምትቀመጠው ኛሙት ገርጂን መከረችው። አክስቷ እዚያ አለች፤ ከጁባ የሚመጡ ወንድሞቿም እዚያ ነው የሚያርፉት። ገርጂ የሚያውቅህ ሰው አታጣም አለችው። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ቢሄድ የሚያውቀው ሰው እንደሌለ አልነገራትም። ሾፌሩ ሳኒ ቦሌ ይሁን አለ፤ ወጣት ቦሌን ይወዳል ብሎ። ስልክ ቁጥሩን ከሰው ያገኘው አሊ የሚባል ደላላ ደግሞ ከሲኤምሲ ፎቶ ላከለት፤ ሊፍት አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ ነጭ ሶፋ አለው። አሸብር ፎቶውን በጣቱ እያጎላ የሚመረምረው መታጠቢያ ቤቱን ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ መስመር አስምሮ የሰፈሮቹን ስም ወደ ታች፣ የሚፈልገውን ወደ ጎን ጻፈ፤ ታክሲ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ውሃ። ኛሙት ወረቀቱን አንስታ አየችው።

«ጋሼ፣ ግድቡን እንኳ እንዲህ አላጠናኸውም» አለች። «ለሰባት ቀን ነው የምትከራየው ወይስ ለሰባት ዓመት?»

ሳቀላትና ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሳሪስን መረጠ። ከድሮው ሕንፃ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ፣ እንደ ድሮው አራተኛ ፎቅ። አሊ ምርጫው አልገባውም፤ ለበዓል የመጣ ሰው ሳሪስ ምን ያደርጋል ብሎ ሊያስቀይረው ሞክሮ ነበር። አሸብር ግን በዚያው ቀን ቀብድ ላከ። ማታ በአጥሩ በኩል ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ልጆቹ የእናታቸውን በረንዳ ከመስኮት ያዩታል፤ ያደጉበት ሱቅ አለ፤ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው።

«ደግሞ» አለ፣ በሥራ ድምፁ፣ «ሳሪስ ውሃ አይጠፋም።»

አመንኩት። ስለ ውሃ አሸብርን የሚጠራጠር ማን ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ሊነግራቸው ማንጎው ሥር ተቀመጠ። ሁለቱንም በአንድ መስመር አገናኝቶ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ልነሳ ብል በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቀመጠኝ። ደስታውን የሚያይለት ሰው ፈልጎ ይመስለኛል። ሰፈሩን ተናገረ። ቀጥሎ አቢጋኤል ቀስ ብላ ሌላ ሰፈር አልተገኘም ወይ አለች። እሱም ጥያቄው አልከበደውም፤ ወረቀቱን አውጥቶ በተራ አነበበላት፤ ታክሲው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ። በመጨረሻ ውሃውን ነገራት።

አብኔር ሳቀ። ደስ ብሎት የሳቀ ሰው ሳቅ አልነበረም።

«ውሃ አይጠፋም አለ እኮ» አላት እህቱን፣ አባቱ የማይሰማ ይመስል።

«አብኔር፣ ተው።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለ አሸብር።

የመለሰችለት አቢጋኤል ናት። አልተቆጣችም። ለታካሚ መድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ በዝግታ ነበር።

«አባዬ፣ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚመጣው። እማዬ አንተ ከመምጣትህ በፊት ለሁለት ሳምንት ታጠራቅምልህ ነበር። ከመጣህ በኋላ ደግሞ አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ዘመድ ስትጠይቅ፣ እኔና አብኔር ከታች በጀሪካን እያመላለስን በርሜሎቹን እንሞላለን። በቀን ሁለቴ ትታጠብ ነበር እኮ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እማዬ ከለከለችን። አባታችሁ እንግዳ ነው፣ አርፎ ይሂድ ትለን ነበር።»

አሸብር ወረቀቱን አጠፈው። እንደገና አጠፈው። አብኔር ይቅርታ ጠየቀ፤ አባዬ ላስቀይምህ ብዬ አይደለም አለ። ሳሪስ ግን አልሄድም አለ፤ እዚያ ኖሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ሁሉ በጨዋነት ነበር። ሲኤምሲ ይሁን ተባለ፤ ማንም የማያስታውሰው ሰፈር። አብኔር ፈተና ስላለው ከሦስት ቀን በላይ መቆየት እንደማይችል ተናገረ፤ አቢጋኤልም ሦስት ይበቃል አለች። ሰባቱ ቀን በዚያች ስልክ ሦስት ሆነ። ስልኩ ሲዘጋ ደኅና ሁን ያላለ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አብሬው ወደ ባሮ ወረድኩ። ሴቶች ውሃ እየቀዱ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ዳገቷን ይወጡ ነበር፤ ከኋላቸው ትንንሽ ልጆች እንደ አቅማቸው በጀሪካን ይዘው ይከተላሉ። ሁለታችንም በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። አንዲት ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ እጇን እያራገፈች አረፈች፤ በሌላኛው እጇ አንስታ ቀጠለች። አሸብር ከዓይኑ እስክትጠፋ አያት።

«አምስት ሊትር ናት» አለ።

ለብዙ ዓመት ከአጥሩ ማዶ በቀን ሁለቴ የባልዲውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከራት በኋላ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የማታው ጠፋ። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገባ፤ ሙቀቱ በዛፍ ጥላ ሥር እንኳ አያስቀምጥም ነበር፤ የማታው ድምፅ ግን አልተመለሰም። ለልጆቹ ምን ሊጠቅማቸው እንደሆነ አላውቅም። ልጠይቀውም አፈርኩ።

አሊ የሳሪሱን ቀብድ አልመልስም አለ፤ ከፈለግህ ግን በቀብዱ ሦስት ቀን ልታድርበት ትችላለህ አለው። የሲኤምሲው አፓርታማ ደግሞ የሚያዘው ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ ነው። አሸብር ሦስቱን ቀን ሳሪስ ለብቻው ሊያድር ወሰነ፤ ለልጆቹ ግን አልነገራቸውም። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነበር። ጋትዌች ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን አየና፣ ጋሼ ምነው ዘንድሮ ዓሣው ቀለለ አለው።

«ተሸካሚ የለም» አለው አሸብር።

በጥር ሲመለስ በሲኤምሲ ስላሳለፏቸው ሦስት ቀናት ብዙ አልነገረኝም። ሶፋው በእርግጥም ነጭ ነበር፤ እንዳያቆሽሹት ፈርተው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሰነበቱ። ልጆቹ አክብረውታል፣ በልቷል፣ ጠጥቷል። ስለ ጡረታው አልጠየቃቸውም። ደጋግሞ የነገረኝ ስለ ሳሪሱ ደረጃ ነው።

ሳሪስ የደረሰው ሰኞ ነበር። ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ቧንቧውን መክፈት ነው። ቧንቧው ትንሽ አየር ተፋና ዝም አለ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ባዶ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነበር። ጥበቃውን ቢጠይቀው ከታች ጋን የሚያህል የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ አሳየው። ጀሪካኑን ሞላና መውጣት ጀመረ። ሕንፃው ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ የብረት መደገፊያው ቀለሙ የለቀቀ። አንደኛውን ፎቅ ሳያርፍ ወጣ። ሁለተኛው ላይ የእጁ ጣቶች አልታዘዝ አሉት። በዚህ ደረጃ ለዓመታት ሲወጣና ሲወርድ እጁ ላይ ከካርቶን ሌላ ነገር ኖሮ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ካርቶኑንም ልጆቹ ይቀበሉት ነበር።

ተቀመጠ። ስልኩ ያን ጊዜ ነው የጮኸው፤ አቢጋኤል ነበረች። በዋዜማው በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ልትነግረው ነው የደወለችው። ሲያለከልክ ሰማችና የት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ደረጃ ላይ ነኝ።»

«የምን ደረጃ?»

«ሳሪስ።»

ከወዲያ የመድኃኒት ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማው ነበር።

«ውሃ አለ?»

«የለም።»

«ሐሙስ ነው የሚመጣው» አለች። «ድሮ ሐሙስ ነበር።» ደግሞ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አራተኛ አላት።

«አባዬ፣ አንዴ አትጨርሰው። ሁለተኛው ላይ መስኮት አለ፤ እዚያ አርፈህ፣ እጅ ቀይረህ ውጣ። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።»

ቀና ሲል መስኮቱን አየው። ከበላዩ ነበር፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ገብቶበታል።

«እዚያው ነኝ» አላት።