ዳር የቆሙት እናት

የእህቴ ልጅ ሳሮን ሰሞኑን ከአንድ ካሜራ ሌላ ወሬ የላትም። ካሜራው ገና ገበያ አልወጣም። እሷ ግን ጠዋት ስቱዲዮ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ትጀምራለች፤ ፉል ፍሬም ነው፣ እጅ ቢንቀጠቀጥ ምስሉ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይንን ራሱ ፈልጎ ያጠራል። «ጋሼ፣ የወፍ ዓይን ሳይቀር ይለያል እኮ!» ትለኛለች። ኮልፌ ውስጥ ወፉን ይዞ ፎቶ ሊያስነሳ የሚመጣው ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እሰማታለሁ፤ በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሰርግ አነሳ ነበር። የያዝኩት ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል፣ ትንሽ ስለሆነ፣ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ሲሰለፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ እንኳ ሁሉም አይገቡልኝም ነበር። ፉል ፍሬም የሚባለው ግን ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል ስለሚሰፋ ብዙ ሰው ያስገባል ተባለ። ዱባይ ለሚመላለስ ጎረቤታችን አደራ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ፤ መስቀልም አለፈ። የዚያ ዓመት ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ሁሉ ከጥበቃው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚታወሰኝ። የካሜራውን ነገር ከአንድ አሮጌ መጽሔት በቃሌ ይዤ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ላገኘሁት ሁሉ እደግም ነበር።

ከሰሚዎቼ አንዷ እትዬ ድንቅነሽ ነበሩ። ቆጮና ቅቤ ይነግዳሉ፤ አንድ ልጃቸውን ምሕረትን ለብቻቸው ነው ያሳደጓት። ጥር ላይ ሊድሯት ነውና የፎቶውን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።

«አብረን የተነሳነው አንድም የለም» አሉኝ። «እኔ ገበያ፣ እሷ ትምህርት ቤት፤ መቼ ተገናኝተን!»

«በአዲሱ ነው የማነሳዎት። ማንንም አያስቀርም» አልኩ፣ ገና ያላየሁትን ካሜራ ተማምኜ።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ካሜራው ደረሰ። አዲስ ሌንስ መግዛት አልቻልኩም፤ የድሮው ግን ልክክ ብሎ ገጠመለት። የጎረቤት ልጆችን ፊት አቅርቤ አነሳሁ፤ ጥራቱ ጉድ ነው። አስፍቼ ግን አንድም አልሞከርኩም።

የሰርጉ ዕለት እትዬ ድንቅነሽ ከጓዳ አልወጡም። ክትፎውን ለሌላ ሰው እጅ አላምን አሉ። የመጡት መጨረሻ ላይ፣ ቤተሰቡ ደጅ ሲሰለፍ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ከግራ ጥግ ቆሙ።

«መሀል ይግቡ እንጂ፣ እትዬ!»

«ቅቤ ቅቤ እሸታለሁ፤ ዳር ይበቃኛል።»

አልተከራከርኩም። ካሜራው ያስገባቸዋላ! ሌንሱን እስከ መጨረሻው አስፍቼ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። የጥር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አርፋ ስለነበር የወጣውን በደንብ አላየሁትም።

በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ዙሪያው ጥቁር ነው። ሰርጉ በቁልፍ ቀዳዳ የታየ ይመስላል። የድሮው ሌንስ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ሰፊውን መሸፈን አቅቶታል። መሀሉ ጥርት ብሏል፤ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የሙሽራው አጎቶች ሁሉ አሉ። እትዬ ድንቅነሽ ጥቁሩ ውስጥ ቀርተዋል።

ለመልሱ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። ምሕረት ብዙ አየችውና «እማዬስ?» አለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እንደገና ተሰልፈው እንዲነሱ ለመንኳቸው። እትዬ ድንቅነሽ ሳቁ።

«ተበልቶ ያለቀ ሰርግ ምኑ ይደገማል? ተወው ልጄ፤ ጥፋቱ ዳር የቆመው ሰው ነው» አሉ።

በኋላ እናትና ልጅን ለብቻቸው አንስቻቸዋለሁ። ጥሩ ፎቶ ነው። ግን የሰርጓ ቀን አይደለም።

እትዬ ድንቅነሽ ካረፉ ቆይተዋል። በሌንስ ማንም ይሳሳታል፤ እኔን የሚቆጨኝ እጃቸውን ይዤ ሁለት እርምጃ ወደ መሀል አለማምጣቴ ነው። ያን ቀን የማየው ካሜራውን እንጂ ሰውን አልነበረም። ፋይሉን ግን አልጣልኩትም። አዲስ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ጥቁሩን አበራዋለሁ፤ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም።

ትናንት ሳሮን ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጥግ እኮ ማንም የለም» አለችኝ።

«አሉ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያላነሳኋቸው።»