በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ ላፕቶፕ

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል ነበር። ላፕቶፑ አዲስ በነበረበት ጊዜ የኃላፊዎች ነበር፤ ክዳኑ ሲላላና ባትሪው ሲሞት ለእሱ ደረሰው። ሳሊተ ምሕረት ወዳለው ቤታችን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣው። እናቴ አይታው «ይኼ ሻንጣ ነው ወይስ ምንድን ነው?» አለችው።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቀኑን መቀየር ነው። «ዕድሜዬን በፈረንጅ ቀን ስጽፍ ኖሬ በቃኝ። ከእንግዲህ በራሴ ዘመን ነው የምኖረው» አለና 1990 ብሎ ሞላው። ሰዓቱንም በእኛ አደረገው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑም ሁለት ሰዓት ይላል። ማሽኑ ምንም ሳያጉረመርም ተቀበለው። ለኮምፒዩተር 1990 ድሮ ያለፈ ዓመት መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም። አባቴማ የልቡ ስለደረሰ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር።

እናቴ የታመመችው በዚያው ዓመት ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት እንድንወስዳት ሲነግሩን ምን ማለት እንደሆነ ገብቶን ነበር፤ እሷም ገብቷታል። አልጋዋ ላይ ሆና አባቴን ጠራችውና «ልጆቼ እንዴት እንደተወለዱ ልንገርህ፣ በዚያ ሻንጣህ ላይ ጻፍልኝ» አለችው። ከታላቅ ወንድሜ ጀምራ በየተራ ነገረችው። እኛን ግን በሩን አስዘጋችብን። «በሙት ዓመቴ ይነበብላችኋል። አሁን ካነበባችሁት ትስቁብኛላችሁ» አለች። አባቴም አደራ ስለሆነበት፣ እንኳን ሊያነብልን ለራሱም መልሶ አላነበበውም።

የሦስቱ ታላላቆቼ፣ የሁለቱ ወንድሞቼና የእህቴ፣ አወላለድ ለእኔም አዲስ አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት ስታወራው፣ ለአክስቶቼ ስትደግመው ሰምቼ ጨርሼዋለሁ። የእኔ ግን ተነግሮ አያውቅም። ከሦስተኛው ልጅ፣ ከሁለተኛው ወንድሜ፣ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው የመጣሁት። ማንም ሳይጠብቀኝ ማለት ነው። ያኔ አባቴ ለጥቂት ጊዜ ከቦሌ ድሬዳዋ ተመድቦ ይሠራ ስለነበር ስወለድ አላየም። ወንድሞቼ «አንቺን ከሾላ ገበያ ነው ያመጣንሽ» እያሉ ሲያስለቅሱኝ ወደ እናቴ እሮጣለሁ፤ እሷም «ተያቸው፤ ያንቺ ረጅም ነው፣ አንድ ቀን እነግርሻለሁ» ትለኛለች። ካደግሁ በኋላ ቀልዱ ቀረ፣ ጥያቄው ግን አልቀረም። ፈልጋኝ ነበር ወይስ ደንግጣብኝ? ይህን ሴት ልጅ እናቷን በቀጥታ አትጠይቅም፤ ቢያንስ እኔ አልጠየቅኋትም።

የሦስቱ ተጽፎ ሲያልቅ አባቴ ፍሎፒ በምትባል ትንሽ ጠፍጣፋ ዲስክ ገልብጦ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ጸሐፊዋ መስመሩን አስተካከለችለት፣ ግድፈቱን አረመችለት። ያንን ወደ ላፕቶፑ መልሶ ገለበጠና በላዩ ላይ የእኔን ቀጠለበት። የእኔ እንዳለችውም ረጅም ነበር፤ ብዙ ቀን ፈጀ። ካለቀ በኋላ ብዙም አልቆየች፣ ግንቦት ላይ ቀበርናት።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ላፕቶፑ ቫይረስ ገባበት። ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ከተከፈተ በኋላም በራሱ ይዘጋል። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ኮምፒዩተር የሚያሠለጥንና የሚጠግን ሰው አለ ሲሉን፣ እኔና እሱ ላፕቶፑን ይዘን ሄድን። ሰውዬው ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ነካክቶ አየውና «ጋሼ፣ ይኼ መደምሰስ አለበት። ዲስኩን ለሁለት እከፍልልዎታለሁ፤ አንዱ ላይ ፕሮግራሙ፣ ሌላው ላይ የእርስዎ ጽሑፍ። ከዚህ በኋላ ቫይረስ ቢገባ እንኳን ጽሑፍዎን አይነካብዎትም» አለ።

አባቴ ፍሎፒዋን ከደረት ኪሱ አወጣ። «መጀመሪያ ጽሑፉን እዚህ ላይ ገልብጥልኝ። የሟች ባለቤቴ ቃል ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም» አለው። ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀብሎ አስገባት። ማሽኑ ጥቂት ጮኸ፣ አንድ ነገር ጠየቀው፣ መለሰለት። ፍሎፒዋን አውጥቶ ለአባቴ ሰጠው። «ጽሑፍዎ እዚህ ላይ አለ» አለ። ከዚያ ዲስኩን ደምስሶ ለሁለት ከፈለው።

ላፕቶፑ ግን አልነሳ አለ። ሲበራ ቁጥር ይቆጥራል፣ ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰውዬው አጥፍቶ አበራው። ባትሪውን ነቀለ። ከሥሩ ፈቶ ዲስኩን አወጣና የሚሰካባቸውን የብረት እግሮች በላጲስ ጠርጎ መለሰው። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጫነበት፤ ያችው ሰረዝ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ከደረት ኪሱ አላነሳም። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ አንድ ተራ ማሽን እናቴን አፉ ውስጥ ይዞ አልከፍትም ያለ መስሎኝ ልሰባብረው ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ሰውዬው ግንባሩን መታ። «ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ በየትኛው እንደሚነሳ ሳልነግረው! ቤት ሠርቶ በር እንደመርሳት እኮ ነው» አለ። አንድ ትእዛዝ ጻፈ፣ አጥፍቶ አበራው፤ ተነሳ። የስክሪኑ ብርሃን አባቴ ፊት ላይ ሲያርፍ ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ጋበዘኝ። «የአንቺ ከሁሉም ይረዝማል» አለኝ ስኒውን እያማሰለ። «እኔም እንዳንቺው እስኪነበብ እየጠበቅኩ ነው።»

ቤት ገብቶ ፍሎፒዋን አስገባ። ደኅና መሆኑን ብቻ ለማየት፣ ሳያነብ ወደ መጨረሻው ወረደ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጽሑፉ የሚያበቃው በሦስተኛው ልጅ፣ በሁለተኛው ወንድሜ ክርስትና ነው። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና ወረደ። «ልጄ፣ እስቲ አንቺ ፈልጊው» አለኝ። ድምፁ የአባቴ አልነበረም። ፈለግኩት። ምን የሚፈለግ አለ?

በማግሥቱ ተመልሰን ሄድን። በመንገዱ ሁሉ ለዚያ ሰውዬ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፣ አንዱም ደግ ቃል አልነበረበትም። ሰውዬው ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ፣ ፍሎፒው ላይ በዚያው ስም የተቀመጠ ጽሑፍ ነበር። ቀኑ 1998 ይላል። ላፕቶፑ ላይ ያለው 1990። ማሽኑ አዲሱን በአሮጌው ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት።» አፉን በእጁ ያዘ። «የላፕቶፑ ከስምንት ዓመት በፊት የቀረ ረቂቅ፣ የፍሎፒው ደግሞ በኋላ የታረመው መሰለኝ። ስንቱን እንደዚያ አይቻለሁ።»

ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ 1991 ይላል። ሰውዬው ራሱ በእኛ ቀን ይጾማል፣ በእኛ ቀን ኪራይ ይከፍላል፤ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ ግን በፈረንጅ ያስባል፣ ሥራው ነዋ። አባቴም ያጠፋው ነገር የለም፣ በገዛ ቤቱ በገዛ ዘመኑ ኖረ። ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። በማን ልናደድ? በጳጉሜን ልናደድ?

ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ሞከረ። የተደመሰሰ የሚፈልግ ፕሮግራም ከሌላ ቦታ ለምኖ አምጥቶ ሞከረ። ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ደጋግሞ የጫነው ፕሮግራም ግን የእናቴ ቃል በነበረበት ቦታ ላይ ተጽፎበት ነበር። ይህን ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አባቴ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ «ምን ታደርግ ልጄ» አለው። እኔ ውጭ ወጥቼ አስፋልት ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ታክሲ ረዳቶች «ቦሌ፣ ቦሌ» እያሉ ሲጣሩ ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም።

ሙት ዓመቷ ዕለት፣ እንግዳውን አብልተን ከሸኘን በኋላ፣ አባቴ የሦስቱን አነበበ። ታላቅ ወንድሜ እየሳቀ አለቀሰ፣ እህቴ «ውይ እማዬ» እያለች ጉልበቷን መታች። ሦስተኛው ሲያልቅ ላፕቶፑን ዘጋው። ማንም ወደ እኔ አላየም። በልጅነቴ በሾላ ገበያ ያሾፉብኝ የነበሩት ወንድሞቼ አንገታቸውን ደፉ።

እህትና ወንድሞቼ ሲሄዱ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አንተ ነህ የጻፍከው። ምን አለች?»

የተዘጋውን ላፕቶፕ ወደ ጎን ገፋ። «ዝናብ ነበር ብላለች። ጎረቤት ስለጠራችው ታክሲ የሆነ ነገር ነበረ» አለ። ከዚያ ጣቶቹን አየ። «ልጄ፣ እኔ እኮ በአንድ ጣቴ ነው የምጽፈው። አንዷን ፊደል ፈልጌ እስካገኝ የቀደመውን እረሳዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ትደግምልኛለች። ስትናገር አልሰማኋትም፣ ፊደል ስፈልግ ነው የከረምኩት። በኋላ አነበዋለሁ ብዬ እኮ ነው።»

«ፊቷስ?» አልኩት። «ስለ እኔ ስታወራ ፊቷን አላየኸውም?»

«አላየሁትም» አለ አባቴ። «ፊደሎቹን ነበር የማየው።»