የእናቴን ዓይን የቀረጽኩበት ክረምት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቼ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ የሚመስል፣ ድምፁ ለስለስ ያለ አንድ ሰው ስለ ደርግ ዘመን ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ በቀበሌ ሥራ ውስጥ እንደነበረ ተናገረ። ጥፋትም ልማትም ነበር አለና ወደ ልማቱ ገባ፤ «ለምሳሌ ባለ እጅ የተከበረው በእኛ ጊዜ ነው። ቡዳ ምናምን የሚባለውን ነገር ከሥሩ ነቅለን ጥለነዋል» አለ። የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሼ ሬዲዮኑን ዘጋሁት።

ሰውየውን አላውቀውም። ምናልባት የሚናገረውን ከልቡ ያምንበት ይሆናል። እኔ ግን የደረሰብንን አውቃለሁ። ለልጆቼ እንኳ በወጉ ነግሬያቸው አላውቅምና ዛሬ ልጻፈው።

ያደግሁት ቀጨኔ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ከሚያወልቅበት ቁልቁለት ላይ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ እኔን ብቸኛ ልጇን ያሳደገችኝ በዚያው በጭቃ ሥራዋ ነው። ከተማው ሁሉ በሠራችው ድስት ወጡን ይሠራል፣ በሠራችው ጋን ጠላውን ይጠምቃል። ዕቃዋን ይዛ ስትሄድ ግን እጇን ላለመንካት ሳንቲሙን መሬት ላይ አስቀምጠውላት ዘወር የሚሉ ሴቶች ነበሩ። ሕፃን የታቀፈች እናት ደግሞ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። እናቴ ይህን ተቀምጣ አላስረዳችኝም። ሕፃን ያለበት ቤት ስንደርስ «አቀርቅር» ትለኛለች፣ አቀረቅራለሁ። በቃ።

አብዮቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ የሚያበቃ መሰለን። የሰፈሩ ባለ እጆች በማኅበር ተደራጁ። እኔም ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የእንጨት ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ልጆቹ በሕይወት ስላሉ ስሙን አልጽፈውም፣ በአዳራሹ ስብሰባ ጠርቶ «ከእንግዲህ ሠራተኛን ቡዳ ብሎ የሚሰድብ ፀረ አብዮት ነው፤ እርምጃ ይወሰድበታል» ሲል መዳፋችን እስኪግል አጨበጨብን። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ስታጨበጭብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እጇን እንዴት እንደምታጋጥም ግራ ገብቷት ነበር።

በእንጨት ክፍሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ማኅበሩ የሚሸጣቸው ምስሎች ሁሉ፣ ገበሬውም እንስራ የተሸከመችውም ሴት፣ ዓይናቸው በመሮ የተጫረ መስመር ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ዓይን ጊዜ ይበላል» አሉኝ። እኔ ግን ዓይን ያለው ሰው መሥራት አማረኝ። የዋንዛ ቁርጥራጭ እየለቀምኩ በምሳ ሰዓት መሞከር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄ የተቆጣ ዓሣ ነው» አሉኝ።

ቀስ በቀስ ግን ልባቸው ተነካ መሰለኝ ያስተምሩኝ ጀመር። «ዓይን ቀዳዳ አይደለም፤ ኳስ ነው። መጀመሪያ ኳሱን አውጣ፣ ከዚያ ቆዳውን አልብሰው» ይሉኛል። የላይኛው ቆብ ከጥቁሩ ክብ ላይ ትንሽ መሸፈን አለበት፤ ክቡ በሙሉ ከታየ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ብሌኑን በቀለም ማጥቆር አያስፈልግም፤ በቀጭን መሮ ጎድጎድ ካደረጉት ጥላው ራሱ ያጠቁረዋል። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች እኩል እንዳልሆኑም ያኔ ነው ያወቅሁት። ይህን ለማየት ሰው ላይ ማፍጠጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» ብላ ወንበር ቀየረች።

የሞከርኳቸውን በቆርቆሮ ጣሳ እያጠራቀምኩ ቤት አመጣቸው ነበር። ፊት የሌላቸው አርባ ሃምሳ ዓይኖች። እናቴ ጣሳውን ከፍታ ብዙ አየቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ ማንን ነው የሚያዩት?» አለችኝ።

«ልምምድ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ። ሰው እንዳያይብህ ብቻ።»

«ያ ጊዜ እኮ አልፏል፤ ሊቀመንበሩ ሲናገር ሰምተሽው የለም?»

ጣሳውን ከደነችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

በዚያ ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበርና ቀበሌው ለማስተማሪያው አዳራሽ አንዲት መጽሐፍ የያዘች ሴት እንድንቀርጽ አዘዘ። ጋሽ ተሰማ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ ራሷ ትምህርቱን ጀምራ ስለነበር ሞዴል ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን አብረን እንቀመጣለን፤ እሷ ፊደሏን ትቆጥራለች፣ እኔ አያታለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስሟን ጽፌ ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች «ብ... ር... ቄ» አለችና ቀና አለች።

«ስሜ ይቺ ብቻ ናት?»

«አዎ፣ ብርቄ። ሦስት ፊደል።»

ሳቀች። ሳቁ ሳይሆን ከሳቁ በፊት የነበረው አስተያየት፣ ከወረቀቱ ቀና ስትል ዓይኗ ላይ የነበረው ነገር ነው እኔን የያዘኝ። እሱን ለመቅረጽ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ጠበብ ይል ነበር፤ እንደዚያው አደረግሁት። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አዩ፣ «ይቺስ አንብባለች» አሉኝ። ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና በሕይወቴ አላገኘሁም።

ምስሉ መስከረም ላይ አዳራሹ ውስጥ ቆመ። ሊቀመንበሩ ከባለቤቱና ከሁለት ዓመት ልጁ ጋር መጥቶ ንግግር አደረገ፣ እጄንም ጨበጠኝ። እናቴ የራሷን ዓይን ካየችበት ቀን ጀምሮ ወደ ትምህርቱ የምትሄደው የክት ቀሚሷን ለብሳ ሆነ።

ጥቅምት ሲገባ ኩፍኝ መጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእኛ መንደር ብቻ ሦስት ሕፃናት ቀበርን። የሊቀመንበሩም ልጅ ታመመች። በዚያው ሳምንት ሊቀመንበሩ አንድ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ወደ ማኅበሩ መጣ። ጠባቂው ምስሉን ተሸክሟል፤ ፊቱ በጆንያ ተሸፍኗል። ከእንጨት የተሠራ ፊት ነው የሸፈኑት።

«ዓይኑን አጥፋው» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ለምን ጓድ?»

«ሕዝቡ አልወደደውም።»

«የትኛው ሕዝብ?»

ጠባቂው ዝም ማለት አልቻለም። «ልጃቸው ካየችው ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። የሸክላ ሠሪዋ ዓይን እኮ ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ገላመጠው፤ ግን አላስተባበለም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቡዳ የሚል ፀረ አብዮት ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም? እኔ ያንን ዓይን አልነካውም» አልኩ።

መሮ የያዘ ሁሉ መሮውን እንደያዘ ቀረ። በዚያን ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። ሊቀመንበሩ «ምን አልክ?» ብሎ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጋሽ ተሰማ ብድግ ብለው መካከላችን ገቡ።

«ልጅ ነው ጓድ፣ አፉን አያውቅበትም። እኔ አጠፋዋለሁ» አሉ። ጆንያውን ገፈው ሰፊውን መሮ አነሡ። ለሦስት ሳምንት የሠራሁት ቡና ለማፍላት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ጠፋ። ፍቅፋቂው መሬት ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ።

ሲሄዱ ጋሽ ተሰማ ላይ ጮህኩባቸው። «እርስዎም? እርስዎም እንደነሱ?»

መሮውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። «እንጨት ሌላ ታገኛለህ። ብርቄ ሌላ ልጅ የላትም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ሆኖም ለብዙ ወራት ሰላምታ ነፈግኳቸው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ምስሉን ጥለውት ቢሆን ይሻል ነበር። መልሰው አዳራሹ ውስጥ አቆሙት። ዓይን የሌላት ሴት መጽሐፍ ዘርግታ ቆማለች፤ ከራሷ በላይ «መሃይምነት ይጥፋ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። እናቴ በማግሥቱ ለትምህርት ሄዳ ያየችው ይህን ነው። የማን ዓይን እንደነበረ ከክፍሉ ሴቶች መካከል የማያውቅ አልነበረም፤ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችውም ወንበሯን ራቅ አድርጋ ነበር። ቤት ስትመጣ ደብተሯን ሣጥኗ ውስጥ ከተተችና «ዓይኔ ደክሟል፤ ከእንግዲህ አልሄድም» አለችኝ። ቤት ላስተምራት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። «ሌላ ቀን» ትለኛለች። የሊቀመንበሩ ልጅ ግን ዳነች፤ ስለ ዳነችም ዓይኑን ማጥፋታቸው ልክ ነበር ተባለ። የእኛን ሦስት ሕፃናት ማን በላቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ወረቀት ለመፈረም ከእናቴ ጋር ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ዘርግታ «እማማ፣ መጻፍ ይችላሉ?» አለቻት።

«አልችልም» አለች እናቴ፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከወጣን በኋላ «ስምሽን መጻፍ ትችያለሽ እኮ!» አልኳት ተናድጄ። ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች «ስሜን እነሱ ዘንድ ትቼ አልሄድም» አለችኝ።

እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏል። ሊቀመንበሩም ሞቷል። አንድ ቀን ለልጄ የዚህን ጥቂቱን ስነግረው «አባዬ፣ ሰውየው እኮ ልጁ ታማበት ፈርቶ ነው» አለኝ። በመፍራቱ አልተቀየምኩትም፤ የታመመ ልጅ ያለው አባት የማይፈራው ነገር የለም። የተቀየምኩት እናቴን በአደባባይ እኩል ነሽ ብሎ ካስጨበጨባት በኋላ ስላደረገው ነው። እሱን ባታምነው ኖሮ ከበፊቱ ንቀት ጋር እንደለመደችው ትኖር ነበር። ስታምነው ጊዜ ተነሥታ የክት ቀሚሷን ለበሰች።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ከስሟ ሌላ ምንም ሳታነብ ሞተች። ያኔ ብትቀጥል ኖሮ ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወድ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።