በፍልሰታ የተሠራ የእንጉዳይ ወጥ

ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ልብስ ላሰጣ ስወጣ፣ ከአጥራችን ሥር ነጭ እንጉዳይ በቅሎ አየሁ። ልጄ ጎንበስ ብላ ልትነካው ስትል እጇን ያዝኳትና በጫማዬ ደፈጠጥኩት። "ይበላል እንዴ እማ?" አለችኝ። ከጫማዬ ሥር የወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ወልድያ ካለው ቤቴ አንሥቶ መርሳ፣ አባቴ ቤት አድርሶኝ ነበር።

ደርግ ወድቆ፣ በሰፈራ ወለጋ ሄዶ የነበረው ሰው የሚመለስበት ጊዜ ነው። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አባቴ ከተመላሾቹ አንዷን አገባ፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትሄድ መሬት መሬት የምታይ ሴት። ገና በመጣች ሳምንት የአባቴ እህት ጓሮ ወሰደችኝና "ስሚኝ፣ እሷ ሳትቀምሰው ከእጇ እንዳትጎርሺ። የእንጀራ እናት ናት፤ ያውም ምን ስትበላ እንደኖረች የማናውቃት" አለችኝ። አመንኳት። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ ስትሰጠኝ ጣሳውን አሽትቼ ነበር የምጠጣው።

በፍልሰታ፣ እኔም እንደ እኩዮቼ እየጾምኩ፣ እንጨት ልንለቅም ከመርሳ በላይ ወዳለው ጫካ ይዛኝ ወጣች። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ ይንጠባጠባል። ፀሐይ በግራሩ መሃል እየገባች መሬቱ ይጨሳል። አንድ ኩይሳ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። የምስጡ አፈር በእንጉዳይ ነጭ በነጭ ሆኗል። እንጨቷን ጥላ ተንበረከከች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"እዚህም አለ ለካ! ነይ ሆዴ፣ ቀስ አድርገሽ ሳቢው።"

"የጅብ ጥላ ነው" አልኳት፣ ወደ ኋላዬ እየሸሸሁ።

"የጅቡ ሌላ ነው። ይሄን ያገሩ ሴቶች ናቸው ያሳዩን፣ ሰፈራ ሳለን። ለጾም እንደሱ የለም።"

አንዱን ነቅላ አገላበጠች፣ አሸተተች፣ ጣለችው። ሌላውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ያኛውን ለምን እንደጣለች፣ ይሄኛውን ለምን እንደያዘች አልገባኝም። እኔን የምትገድልበትን እየመረጠች መሰለኝ።

ቤት ገብታ በሽንኩርትና በበርበሬ ሠራችው። ሽታው ልክ የሥጋ ወጥ ነው፤ አጥር አልፎ ሄደ። አክስቴ ጎረቤታችን ነበረችና ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ደረሰች።

"በፍልሰታ ሥጋ! ጾሙንም እዚያው ጥለሽው መጣሽ?"

"ሥጋ አይደለም እትዬ። እንጉዳይ ነው፣ ይዩት።"

አክስቴ ድስቱን ከፍታ አማተበች። "ይሄማ ባሰ! ልጅቷን ልትጨርሻት ነው!"

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ጩኸቱ ላይ ደረሰ። ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። "ለልጄ አትስጫት" አለ። አክስቴን ግን ይህ አልበቃትም። "ዛሬውኑ ወደመጣችበት ትሂድ!" አለችው። አባቴ ዝም አለ። ዝም ሲል እሺ ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሴትዮዋ ድስቱን አወጣች። "እኔ ልብላውና እዩኝ" አለች። "ካልታመምኩ ቤቴን ተዉልኝ።"

ብርሃን ባለበት፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን በላች። አክስቴ ዱካ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ሆድሽን አላመመሽም?"

"አላመመኝም እትዬ።"

ትንሽ ቆይታ፦ "ያ ላብ ምንድን ነው?"

"ፀሐይዋ ናት እትዬ።"

እኔ የበሩን መቃን ይዤ፣ መቼ ትወድቃለች እያልኩ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ድስቱን በእንጀራ ጠርጋ ጨረሰች። ሽታው መጣብኝና ሳላስበው ምራቄን ዋጥኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አክስቴ ተነሣች። "ለለመደ ሆድ ነው" ብላ ሄደች።

ሴትዮዋ ቤቷ ቀረች። እንጉዳይ ግን ሁለተኛ አልለቀመችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የምትሰጠኝን ሁሉ ፊት ለፊቴ ቀድማ ትቀምስ ጀመር፤ ሽሮውን፣ የቂጣውን ጫፍ፣ የበቆሎ እሸቱን ሳይቀር። "ጨዉን ልየው ብዬ ነው" ትላለች። እኔም ቆይ እስኪ ብዬ ፊቷን ካየሁ በኋላ ነበር የምበላው። እንዲህ እያልን ብዙ ኖርን። አንድ ቀን ውሃዬን ስትቀምስ "ውሃም ጨው አለው እንዴ?" አልኳት። ጣሳውን እንደያዘች በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። በማግስቱም ግን ቀመሰች። ያን ጊዜ እኔ ፊቷን ማየት ትቼ ነበር።

አግብቼ ወልድያ ከመጣሁ በኋላ ሞተች። የእንጉዳዩን ጣዕም እስከ ዛሬ አላውቀውም። የሚበላውን ከማይበላው ለይታ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ አሁን ልጄ ስትጠይቀኝ እኔ የምጠይቀው የለኝም።

ልብሱን አስጥቼ ስገባ ለልጄ ምሳ አቀረብኩ። አንድ ቀድሜ ጎረስኩ። ትንሽ ቆየሁና ሳህኑን ገፋሁላት።

"እማ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ለምንድን ነው የምትቀምሺው?"

"ጨዉን ልየው ብዬ ነው" አልኳት።