የጠቆረው ስክሪንና የአያ ታከለ አንደበት

በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከማራኪ ሰፈር በታክሲ ወደ ሆስፒታሉ ስመጣ ኩራቴ ለጉድ ነበር። ሰባት ዓመት በትርፍ አንጀትና በወሊድ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሳቀብል ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያስደነግጠኛል?

ታካሚያችን አያ ታከለ የኮላ ድባ ገበሬና የአገሩ አስታራቂ ናቸው። የልባቸው ደም ሥሮች ስለተዘጉ ከደረታቸው በሚወሰድ ደም ሥር ደሙ የተዘጋውን ዞሮ የሚያልፍበት ማለፊያ ሊሠራላቸው ነው። ከማደንዘዣው በፊት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የልቡን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የምፈራ አንደበቴን ነው። አንድ ጎረቤቴ ተቀዶ ሲነቃ መናገር አቃተው። እኔ ዝም ካልሁ ማን ያስታርቃል?»

«ይናገራሉ፣ አያ» አልኳቸው። ምን አውቄ!

ደረታቸው ተከፈተ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሰለሞን፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ በክላምፕ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ ከመቆንጠጣቸው በፊት በአልትራሳውንድ ያዩታል። ግድግዳው ላይ የጋገረ ስብ ካለ ክላምፑ ይሰባብረዋል፤ ፍርፋሪው አንጎል ገብቶ አንደበት ይዘጋል። አያ ታከለ የፈሩት ይኸንኑ ነው።

ፕሮቡን፣ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ሽፋን ሸፍኜ አቀበልኩ። አኦርታው ላይ አሳረፉት። ስክሪኑ ድፍን ጥቁር።

«ይኼ ማሽን ተበላሽቷል» አሉና በጣታቸው ዳሰሱት። «ለስላሳ ነው። ክላምፕ!»

ክላምፑን አነሳሁ። ያኔ ዓይኔ ትሪዬ ላይ አረፈ፤ ሽፋኑ ውስጥ የሚጨመረው ዝልግልግ ጄል ከረጢቱ አልተከፈተም። ሽፋኑ ውስጥ ጄል ከሌለ አየር ይቀራል፤ አየር ካለ ምስል የለም። ይኼን ተማሪም ያውቀዋል! ክው አልኩ።

«ዶክተር፣ ማሽኑ ደህና ነው። ጄል የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«ሲስተር፣ ክላምፕ አልኩሽ።»

«አንዴ ይዩትና እሰጥዎታለሁ።»

ከኔ አፍ መውጣቱን ማመን አቃተኝ። እሳቸውም አፈጠጡብኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ለፕሮቡ ዘረጉ።

አዲስ ሽፋን፣ ጄል፣ እንደገና። ምስሉ መጣ። ክላምፑ ሊያርፍበት በነበረው ቦታ፣ ጣት ለስላሳ ባለው ላይ፣ ሽምብራ የምታህል ነጭ ነገር ከግድግዳው ተንጠልጥላ በደሙ ውስጥ ትወዛወዛለች።

ዶክተሩ ጣታቸውን አንስተው አዩት።

«ክላምፑን መልሺው። አኦርታውን ሳንነካ፣ ልቡ እየመታ እንሠራለን።»

እስከ መጨረሻው ስፌት መሣሪያ አቀበልኩ።

በማግስቱ የመተንፈሻ ቱቦው ከጉሮሯቸው ሲወጣ አጠገባቸው ቆምኩ። አያ ታከለ ዝም ብለው አዩኝ። ዝምታቸው ሊገድለኝ ደረሰ።

«ምነው ልጄ» አሉ በሰለለ ድምፅ፣ «ፊትሽ አመድ መሰለሳ?»

እዚያው አለቀስኩ።

እናንተ መሣሪያ የምታቀብሉ፣ ስክሪኑ ሲጠቁር መጀመሪያ ጄሉን እዩ። ረስታችሁ ከሆነ ክላምፑን ሳትሰጡ ተናገሩ።